ወፍጮው የት ይተከል?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወጌ ከወፍጮ ቤት ይነሣል፤ የሚያበቃውም እዚያው ነው። በመሀሉ እንጦጦ እንወጣለን፣ ጎሮ እንወርዳለን፣ ጅቡቲ ደርሰን እንመለሳለን። ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የካ ክፍለ ከተማ፣ ከኮተቤ ገብርኤል ዝቅ ብሎ ካለ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ነን። አክስቴ ሠላሳ ኪሎ ሠርገኛ ጤፍ አሸክማኛለች። ከፊታችን ስምንት ባለ ወረፋ አለ። ማዳበሪያዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው ጥላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ። ፈጪው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሷል። እህሉን ከላይ ያፈሳል፤ ከታች በጨርቁ እጅጌ የሚወርደውን ዱቄት በሁለት ጣቱ አሸት፣ አሸት ያደርጋል። ከላመ ይለቀዋል፤ ከሻከረ ድንጋዩን ጠበቅ ያደርገዋል።

ድንገት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ሸክም እንደበዛበት ሰው አቃሰተ። ፈጪው ዘሎ ማጥፊያውን መታና «አንዱ ፌዝ ጠፋ!» አለ።

ይህን ቋንቋ ወፍጮ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የወፍጮ ሞተር በሦስት መሥመር የሚመጣ ኃይል ነው የሚፈልገው። ከሦስቱ አንዱ ከጠፋ የቀሩት ሁለቱ ሸክሙን ይጎትቱታል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ካልተጠፋም ይቃጠላል። ለባለ ወፍጮ ጎዶሎ መብራት ጭራሽ ካልመጣው የከፋ ነው። የጠፋው ይመጣል፤ ጎዶሎው ግን ሞተር ይዞ ይሄዳል።

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ይላል።

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «ተነሥ፣ ሌላ ወፍጮ ቤት እንሂድ» አለችኝ። «ልጄ፣ የትም ፍጭው፣ ዱቄቱን አምጭው ነው።»

ይህች ተረት ስንት ዘመን ስትነገር ሰምቻታለሁ። የዚያን ዕለት ግን አላሳልፍ አለችኝ። በዚያው ሳምንት ከሰፈራችን ወጥቶ ባሕር ማዶ የሚኖር፣ በኮምፒውተር ሥራ የሚተዳደር አብሮ አደጌ ደውሎልኝ ነበር። «እውነቱን ንገረኝ፤ አገራችን ለዳታ ማዕከል ትሆናለች ወይ? ገንዘብ ያላቸው ሰዎች እየጠየቁኝ ነው» አለኝ። ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። መልሱ የመጣልኝ ከአክስቴ ጤፍ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

*

አክስቴ «የምን ማዕከል?» አለችኝ። እንዲህ ብዬ ነገርኳት።

የዳታ ማዕከል ወፍጮና ቋት በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉበት ቤት ነው። አማርኛችን ዳታቤዝን «የመረጃ ቋት» ብሎ ሲሰይም ከወፍጮ ቤት መዋሱ ልክ ነበር። ቋት የተፈጨው ዱቄት የሚወርድበትና የሚጠራቀምበት ነው። በዳታ ማዕከል ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ብረቶች ተደርድረዋል፤ ሬክ ይሏቸዋል። በእያንዳንዱ ሬክ ኮምፒውተሮች ተደራርበው ሌት ተቀን ይፈጫሉ። የሚበሉት ኤሌክትሪክ ነው፤ የበሉት ሁሉ መልሶ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቤቱ ሁልጊዜ መቀዝቀዝ አለበት። መብራት ቢሄድ ባትሪ ወዲያው ይረከባል፤ ከባትሪው ደግሞ ጄኔሬተር ይረከባል። ቤቱ መቆም አይፈቀድለትም።

«እና እኔን ምን አገባኝ?» አለችኝ። ስልኳን አሳየኋት። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ልጆቿ ብር የሚልኩላት በእሱ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥሯ፣ የባንክ ደብተሯ፣ የልጅ ልጆቿ ፎቶ፣ ሁሉም የሆነ ቋት ውስጥ ነው ያለው። አንዳንዱ ቋት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ብዙው ግን ባሕር ማዶ ነው። ከመገናኛ ኮተቤ የምንላላከው መልእክት እንኳ ብዙ ጊዜ አውሮፓ ደርሶ ነው የሚመለሰው። የዓለም የዳታ ማዕከል አቅም ሲደመር የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። እህሉ የእኛ፣ ወፍጮው የሰው ነው።

አክስቴ መልሳ ተቀመጠች። «ዱቄቱ ከመጣ ምን ቸገረህ?» አለችኝ።

እኛን ያዩ፣ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ከጎናችን ጣልቃ ገቡ። «የት እንደሚፈጭማ ያስቸግራል» አሉ። ጣታቸውን ወደ ሰሜን ዘርግተው ተራራውን አሳዩን። «ይህን ዛፍ ታያላችሁ? ይህ ዛፍ ባይኖር ይህ ከተማ እዚህ አይኖርም ነበር።»

*

እንግዲህ እንጦጦ እንውጣ።

ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ቦታውን የመዘኑት በጦር አዝማች ዓይን ነበር። ከተራራ ላይ ያለ ሰው የሚመጣበትን ከሩቅ ያያል። ግን ተራራው ነፋሻ ነው፣ ቆፈናም ነው፤ ውኃውም ማገዶውም በሩቅ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከታች ፍልውኃን አይተው፣ ለምለሙን ሜዳ አይተው ቤት አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። የከተማይቱ ልደት የሚቆጠረው ኅዳር 14 ቀን 1879 ብሎ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ምኒልክ ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም ቢሆንም የከተማው ልብ ወደ ታች ወርዶ ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ከተማ እንጨት ይበላል። ቤት ሲሠራ እንጨት፣ እንጀራ ሲጋገር እንጨት፣ ጠላ ሲጠመቅ እንጨት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአካባቢው ተራራ ሁሉ ተላጨ። ማገዶ የሚመጣበት መንገድ በየዓመቱ ራቀ። በ1890ዎቹ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ሊያዛውሩ አስበው አዲስ ዓለም ላይ ግንባታ አስጀመሩ። አዲስ አበባ ኃይል አጥታ ልትፈታ ነበር ማለት ነው። የዚያ ዘመን ኃይል ማገዶ ነውና።

ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በጥቂት ዓመት ቁመት የሚያወጣ፣ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ። በየጓሮው፣ በየተራራው ተተከለ። ከተማይቱም ቀረች፤ አዲስ ዓለም ላይ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍም የራሱን ዕዳ አስከፍሎናል፤ ምንጭ አድርቋል፤ የእንጦጦ ሴቶች ከቁመታቸው የሚበልጥ እንጨት አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ትውልድ አልፏል። ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው፤ ኃይል የሌለው ቦታ ኃይል ሲተከልበት ቦታ ሆነ።

ወዳጆቼ፣ ለአብሮ አደጌ ጥያቄ የመልሱን ግማሽ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ቦታ ይመረጣል፤ ከተመረጠ በኋላ ግን ይሠራል።

ተራራው ላይ ሌላም ነገር አለ። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የእንጦጦ የጠፈር ምልከታ ማዕከል ቆሟል፤ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ የተመለከተው እዚህ ነው። ኢቲአርኤስኤስ 1 ትባላለች፤ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ታነሣው የነበረው የእርሻ፣ የውኃና የደን ምስል ይወርድ የነበረው እንጦጦ ላይ ወዳለው ጣቢያ ነው። የካን የሚከልለው ይህ የተራራ ሰንሰለት ከሰማይ የሚወርድ ዳታ መቀበል ከጀመረ ሰነበተ። የከዋክብት ተመራማሪዎቹ ግን የከተማው መብራት ሰማዩን ስላነጣባቸው ለወደፊቱ ወደ ላሊበላ ተራሮች ማማተር ጀምረዋል። ለአንዱ ሥራ መልካም የሆነው ቦታ ለሌላው ይጠባል።

*

ከተራራው ቁልቁል ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንመልከት። ኮተቤ፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ከዚያ ወዲያ ጎሮ። ጎሮ አካባቢ የአይሲቲ ፓርክ የሚባል 200 ሄክታር ግቢ አለ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሬድፎክስ፣ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ የተባሉ ኩባንያዎች የዳታ ማዕከሎቻቸውን እዚህ ተክለዋል። የራክሲዮው 800 ሬክ እንዲይዝና 3 ሜጋ ዋት ለኮምፒውተሮቹ እንዲያቀርብ ሆኖ የተሠራ ነው። ማንም ባንክ፣ ማንም ቴሌኮም ሬክ ተከራይቶ የራሱን ኮምፒውተር ሊያስቀምጥበት ይችላል። ወፍጮው ተተክሏል ማለት ነው። እንግዲህ የጎሮውን አፈር እንደ ባለ ወፍጮ እንመዝነው፤ በኃይል፣ በአየር፣ በመንገድ፣ በእምነት።

ኃይል። በ1952 ቆቃ ሲመረቅ 43.2 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ከመቶ ቆቃ በላይ ማለት ነው። ኃይሉ ከውኃ ነው፤ ጭስ የለውም፤ ዋጋውም ከዓለም ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዛሬ የዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች ንጹሕና ርካሽ ኃይል ፍለጋ አገር ለአገር እየዞሩ ነው። ግንቦት 2016 ማይክሮሶፍትና የአቡ ዳቢው ጂ42 ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በኦልካሪያ፣ ከምድር በሚወጣ እንፋሎት የሚሠራ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ይፋ ያደረጉት ለዚሁ ነው።

ግን ኃይል መኖርና ኃይል መድረስ ሁለት ነገር ነው። ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ኮተቤ ያለው ሽቦ፣ ማከፋፈያ ጣቢያው፣ ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር፣ ሁሉም እኩል ካልጠነከሩ አንዱ ፌዝ ይጠፋል። በዓለም የዳታ ማዕከሎች መለኪያ «ደረጃ ሦስት» የተባለ ቤት በዓመት ሊቆም የሚፈቀድለት በድምሩ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። በዓመት ነው የምላችሁ! መሥመሩ ያልጸና አገር ይህን የሚሞላው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣው ደግሞ የግድቡን ርካሽነት ይበላዋል።

አየር። እዚህ ላይ ፈጣሪ አድሎናል። በዳታ ማዕከል ውስጥ ከኮምፒውተሮቹ ቀጥሎ ብዙ ኃይል የሚበላው ማቀዝቀዣው ነው። መሐንዲሶች ለኮምፒውተር የሚመክሩት አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ጅቡቲ ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ትነዳለች። አዲስ አበባ ግን ቀኑ በሞቀበት ሰዓት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። መስኮት ከፍቶ፣ አጣርቶ፣ የየካን አየር ማስገባት ብዙ ኃይል ያድናል።

ከፍታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙም አነስተኛ ነው፤ ማራገቢያው አብዝቶ መንፋት አለበት። የናፍጣ ሞተርም እዚህ እንደ እንግዳ ሰው ነው፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። በባሕር ዳርቻ የተለካ ጄኔሬተር እዚህ ሲመጣ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተለቅ ያለ መግዛት ግድ ነው። እንጦጦ ላይ ሯጮቻችንን የሚያጠነክረው አየር ሞተሩን ያደክመዋል። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ባለ ገንዘብ በኋላ ይጸጸታል።

መንገድ። ምኒልክ በ1886 ስልክ ወደ አገራችን አስገቡ። ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር ተዘረጋ። አቅጣጫውን ልብ በሉ፤ ወደ ባሕር ነው። ዛሬም ትልቁ የብርሃን ገመዳችን ወደዚያው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ሌላው በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ሌላው በመተማ ወደ ሱዳን ይወጣል። ብርሃን በገመድ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሺኛ 200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ እንግዲህ ዐይን ከመርገብገብ ይፈጥናል። ችግሩ ርቀቱ አይደለም፤ በሰው በር ማለፉ ነው። የካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ሲቆረጡ ከሕንድ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ተነካክቷል። የራሱ ቋት ያለው አገር እንዲህ ባለ ቀን ባንኩ አይቆምም፣ ሆስፒታሉ የሕመምተኛውን ካርድ አያጣም። የሰው ቋት ተማምኖ የተቀመጠ ግን በሩ ሲዘጋ ዱቄቱም አብሮ ይቀርበታል።

የአክስቴ ተረት ለእኔ ያነሰችው እዚህ ላይ ነው። «ዱቄቱን አምጭው» ለማለት መንገዱ ክፍት መሆን አለበት።

እምነት። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ሰው እህሉን ወፍጮ ቤት ትቶ የሚሄደው ፈጪውን ስለሚያምን ነው። ሲመለስ እህሉ በሌላ እንዳልተለወጠ፣ ከሚዛኑ እንዳልተነካ ያምናል። አገርም እንዲሁ ነው። በሕጉ በኩል እርምጃ አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ በ2012፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ወጥተዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። መሣሪያውን በዶላር ገዝቶ ኪራዩን በብር ለሚሰበስብ ሰው ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ከገንዘቡ በላይ ግን የበሩ ጉዳይ አለ። ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል። በትግራይ በጦርነቱ ዘመን ከዚያ እጅግ ለረዘመ ጊዜ፣ በአማራ ክልልም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በሩ በማንኛውም ቀን ሊዘጋ ይችላል ለሚባል ወፍጮ ቤት ማንም የሩቅ ደንበኛ እህሉን አይጭንለትም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። አገሬ እንድትታመን ስለምፈልግ ነው።

*

አሁን ደግሞ በእኛው አገር የሆነውን ልንገራችሁ፤ የወጌ እንብርት ይህ ነው።

ኃይላችን ርካሽ መሆኑን ከማንም በፊት ያወቁት የቢትኮይን ሰዎች ናቸው። ቢትኮይን መፍጨት ማለት ኮምፒውተሮች በሰከንድ እጅግ ብዙ ጊዜ ቁጥር እየገመቱ አንድን እንቆቅልሽ ለመፍታት መሽቀዳደም ነው፤ የቀደመው ሽልማት ያገኛል። በ2016 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል 21 ከሚሆኑ እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ጋር ውል እንዳለው ተሰማ፤ አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። ኃይሉን የሚገዙት ኪሎ ዋት ሰዓቱን በ3 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። በ2017 ቢትፉፉ የተባለ መቀመጫው ሲንጋፖር የሆነ ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ የ80 ሜጋ ዋት የመፍጫ ጣቢያ ብዙውን ድርሻ መግዛቱን አስታወቀ። አስቡት፤ አንድ ጣቢያ ብቻውን ሁለት ቆቃ ሊበላ ትንሽ ነው የሚቀረው። የጎሮው የራክሲዮ ማዕከል ለኮምፒውተሮቹ ከሚያቀርበው ጋር ሲተያይ ደግሞ ከሃያ ስድስት እጥፍ በላይ ነው።

ፍትሐዊ ልሁን። መሥመሩ ገና ወደ ገበሬው ቤት ሳይዘረጋ ኃይል ያለ ሥራ ከሚቀር በዶላር መሸጡ ጥቅም ነበረው፤ አገር ምንዛሬ በጠፋባት ሰዓት ዶላር አገኘች። ሆኖም ያ ወፍጮ ምን ይፈጫል? የአክስቴን ገንዘብ አይጠብቅም። የኮተቤን ተማሪ አያስተምርም። የጥቁር አንበሳን ሐኪም የራጅ ምስል አያነብለትም። ኤሌክትሪካችን ገብቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱ እንዳለ ይወጣል፤ ከቋታችን የሚቀረው የመብራት ሒሳቡ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና አምፖል ባላበራበት አገር ይህ ብዙ አያስኬድም። ኤሌክትሪክ ኃይልም በ2017 መገባደጃ ለአዳዲስ የቢትኮይን ኩባንያዎች ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ተናግሯል። ልክ አድርጓል እላለሁ።

ስለዚህ «አገራችን ለዳታ ማዕከል ትሆናለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ወልዶ ይመጣል። ለማን እህል? ለማን እንጀራ? ሰው አገሩን ለባለ ገንዘብ ሲያስመዝን ሚዛኑን የያዘው ባለ ገንዘቡ ብቻ ከሆነ የሚመዘነው ርካሽነቱ ነው። በርካሽ የመጣ በርካሽ ይሄዳል፤ ኬንያ ወይም ሌላ አገር በግማሽ ሳንቲም ከቀነሰለት ነገ ብረቱን ጭኖ ይነሣል። የሚቀመጠው እህሉ እዚሁ የበቀለ ወፍጮ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባንክ ሲጠቀም፣ ሲታከም፣ ሲማር፣ ሲገዛና ሲሸጥ የሚፈጠር ዳታ አለን። አማርኛውም፣ ኦሮምኛውም፣ ትግርኛውም፣ ሶማልኛውም ማሽን እንዲያውቀው ገና የሚፈጭ እህል ነው። ይህን ሌላው ከፈጨልን በእርሱ ወንፊት ይነፋዋል፤ እርሱ «ላመ» ያለውን ነው የሚሰጠን።

*

ወደ ወፍጮ ቤቱ ልመልሳችሁ።

አክስቴ ሌላ ወፍጮ ቤት አልሄደችም። ጋቢ የለበሱት አባት የባሕር ዛፉን ወሬ ሲያወሩላት ተመስጣ ቀረች። አምስት ሰዓት ከሃያ ሲል የፈጪው አምፖል ቦግ አለ። ፈጪው ግን ቶሎ ሞተሩን አላስነሣም። በመጀመሪያ ሦስቱም መሥመር መምጣቱን በመለኪያው አንድ በአንድ ነካክቶ አረጋገጠ። ከዚያ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ነው ማብሪያውን የመታው። ወፍጮው ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ቆሞ ነበር። ያ የአንድ ጠዋት መቆም ብቻውን ለአንድ ደህና የዳታ ማዕከል በዓመት ከተፈቀደው ይበልጣል።

ተራችን ደረሰ። ሠርገኛው ጤፍ ገባ፤ ዱቄቱ በጨርቁ እጅጌ እየተንሿሿ ወረደ። አክስቴ እጇን ሰደደች። ዱቄት ከድንጋይ ሲወጣ ትኩስ ነው፤ ኮምፒውተርም ሲፈጭ እንዲያ ይግላል። በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሀል አሸችው። ፈጪው ፊቷን እያየ ፍርዷን ጠበቀ።

«ላመ» አለች። «እዚሁ በማስፈጨታችን ደግ አደረግን። ሲፈጭ አየሁት።»

ማታ ለአብሮ አደጌ ደወልኩለት። የነገርኩትን ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

አዎ፣ ትሆናለች። ኃይሏ አለ፤ አየሯ የተባረከ ነው፤ ልጆቿ ይህን ሥራ ያውቁታል። የጎደላት ሦስት ነገር ነው፤ የማይቆራረጥ መሥመር፣ የማይዘጋ በር፣ ከተጻፈ በኋላ የሚከበር ሕግ። ሦስቱም ከሰማይ የሚወርዱ አይደሉም፤ እንደ ባሕር ዛፉ የሚተከሉ ናቸው። አንተም ገንዘብ ይዘህ ስትመጣ መጀመሪያ ግድቡን አትጠይቅ። ኮተቤ ውረድና ወፍጮ ቤቱ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚቆም ጠይቅ። የምትተክለው ቤትም የእኛን እህል የሚፈጭ ይሁን።

ኃይሉን ለምታከፋፍሉ፣ ሕጉን ለምታወጡ፣ በሩን ለምትጠብቁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ከየካ ተራራ ሥር ያለው ወፍጮ ሦስቱንም መሥመር ሳያጓድል ሲያገኝ የጎሮው የዳታ ማዕከልም አብሮ ይጸናል። ከኮተቤዋ ወፍጮ ቤት ጀምሩ።